ርኅራኄ መልክ አለው?

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣችኝ ቁመቷ ከአንድ ስንዝር ጥቂት የሚያልፍ የእንጨት ምስል ናት። ዛሬ አዲስ አበባ ከመጻሕፍት መደርደሪያዬ ላይ ቆማለች። ወደ እጄ የገባችው ግን በወረታ በኩል ነው። አንባቢ «የቡድሃን ምስልና ወረታን ደግሞ ምን አገናኛቸው?» ቢለኝ አልቀየመውም፤ እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው። ያገናኛቸው ሩዝ ነው።

ወረታን ለማያውቅ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ የሚያገኛት፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚገነጠለው መንገድ የሚነሣባት ከተማ ናት። ወሮታ የሚሏትም አሉ፤ የስሟን አመጣጥ ለሊቃውንት ትቼዋለሁ። ከከተማዋ ወደ ምዕራብ፣ እስከ ጣና ድረስ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ነው። ጉማራና ርብ ከደጋው ወርደው ይህን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ፤ ክረምት በመጣ ቁጥርም ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛበታል። በልጅነቴ ይህ አገር የከብት አገር ነበር፤ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል። ሩዝን የምናውቀው በወሬ ነበር። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮርያ የእርሻ ባለሙያዎች መጡና ዘሩን አስተዋወቁ፤ «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ጅግና ከሚባለው ቀበሌ ነው። ያ ውሃ የሚተኛበትና ለሌላ እህል የማይመች መሬት ለሩዝ ተመቸው። አሁን የፎገራ ሰው ሩዙን ከጤፍ እየደባለቀ እንጀራ ይጋግርበታል፣ ጠላ ይጠምቅበታል፣ ልጁን ይድርበታል። የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ወረታ ላይ ተቋቁሟል፤ ጃፓኖች በሙያም በገንዘብም ረድተውታል።

የእኅቴ ልጅ ከዚሁ ከሩዝ ሥራ ውስጥ ነው። ለሥልጠና ጃፓን ሄዶ ሲመለስ፣ እዚያ ያስተማሩት አንድ ሽማግሌ ይህችን ምስል ሰጡት። በእጅ የተቀረጸች ናት፤ የመሮው ፈለግ በቀሚሷ እጥፋት ላይ ይታያል። ዓይኖቿ ዝቅ ብለዋል። በግራ እጇ አንዲት ትንሽ የውሃ ዕቃ ይዛለች። ስሟ ካኖን ይባላል። ልጁ ምስሏን ይዞ በቀጥታ የሄደው ወደ አያቱ፣ ወደ እናቴ ቤት ነው። ጊዜው ነሐሴ 2011 ዓ.ም.፣ ጾመ ፍልሰታ ነበር፤ እኔም ለጾሙ ከአዲስ አበባ ወርጄ እዚያው ነበርኩ።

እናቴ ገና ወረቀቱ ሲገለጥ «እመቤታችን ናት?» አለች።

«አይደለችም እምዬ፤ የጃፓኖች ናት። የቡድሃ እምነት የሚሉት» አላት ልጁ።

ልትቀበል የዘረጋችውን እጇን ሰበሰበች። «ወይ ጉድ! በእመቤታችን ጾም ጣዖት ልታስገባብኝ!»

መቼም የተማረ ሰው ዝም ማለት አያውቅም። ልጁ ተሸማቆ ምስሏን ወደ ወረቀቷ ሊመልስ ሲል እኔ ጣልቃ ገባሁና ስብከቴን ጀመርኩ። ካኖን መነሻዋ ሕንድ ነው አልኩ። እዚያ አቫሎኪቴሽቫራ የሚባል፣ በወንድ መልክ የሚቀረጽ የርኅራኄ ቅዱስ ነበር። ቻይና ሲደርስ ስሙ ጓንዪን ሆነ፤ በዘመናት ውስጥም መልኩ ወደ ሴት ተለወጠ፤ ከዚያ ጃፓን ተሻገረ። የቻይናውም የጃፓኑም ስም ትርጉሙ የዓለምን ጩኸት የሚያስተውል፣ የሚሰማ ማለት ነው። ቡድሂስቶች ቦዲሳትቫ የሚሉት ማዕረግ አለ። ከመከራ ዓለም ወጥቶ ለማረፍ ከደጃፉ ከደረሰ በኋላ «ፍጥረት ሁሉ ሳይድን እኔ አልገባም» ብሎ የሚመለስ ማለት ነው። በአፈ ታሪካቸው እንደሚነገረው የፍጥረቱ ጩኸት ቢበዛበት ራሱ ተሰነጠቀ፤ በምትኩ አሥራ አንድ ራስ ተሰጠው። ሁለት እጅ አልበቃ ሲለው ሺህ እጅ ተሰጠው፤ በየመዳፉም ላይ ዓይን አለ። ኪዮቶ ከተማ ሳንጁሳንጌንዶ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1266 እንደገና የተሠራ ረጅም የእንጨት ቤተ መቅደስ ውስጥ 1001 የካኖን ምስሎች ተደርድረው ቆመዋል። ቀራጮቹ በእያንዳንዱ ላይ ሺህ እጅ ማውጣት ስለማይቻላቸው፣ ከሁለቱ የተለመዱ እጆች ሌላ 40 እጅ አደረጉላቸውና እያንዳንዱ እጅ 25 ዓለማትን ያድናል ብለው ሒሳቡን ሞሉት።

እናቴ ፊቷ አልተፈታም። ስለዚህ ወደ ክርስቲያኑ አገር ታሪክ ተሻገርኩ። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1614 የክርስትና እምነት በአዋጅ ሲከለከል፣ ምእመናኑ የማርያምን ሥዕል መያዝ ሞት የሚያስፈርድባቸው ሆነ። እናም ሕፃን ያቀፈች ካኖን እያስቀመጡ፣ በልባቸው ግን እመቤታችንን እያሰቡ በስውር ይጸልዩ ነበር። እነዚያ ምስሎች «ማርያም ካኖን» ይባላሉ፤ ዛሬም በቤተ መዘክር ይታያሉ። እናቴ ይህን ስትሰማ ጥቂት ለዘብ አለች። «ምስኪኖች» አለች።

እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ነገር ልጨምር፤ ያን ቀን ለእናቴ ሳልነግራት የቀረሁት ነው። ቡድሃ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ የእኅቴ ልጅ የመጀመሪያው አምጪ አይደለም። የመናዊ ተወላጅ የነበሩትና ክርስትናን ተቀብለው የደብረ ሊባኖስ እጨጌ እስከ መሆን የደረሱት አባ ዕንባቆም፣ እ.ኤ.አ. በ1553 ለዐፄ ገላውዴዎስ አንድ መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱላቸው። መጽሐፉ የበራላምና የይዋስፍ ታሪክ ነው። ይዋስፍ የሕንድ ንጉሥ ልጅ ነው። አባቱ በሽታና እርጅና እንዳያይ በቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ ያሳድገዋል፤ አንድ ቀን ከቅጥሩ ወጥቶ በሽተኛ፣ ዕውርና የተጎሳቆለ ሽማግሌ ያያል፤ ከዚያ ወዲያ ዙፋኑ አያስደስተውም። ሊቃውንት እንደ ደረሱበት ይህ ራሱ የቡድሃ ታሪክ ነው፤ ስሙም ቦዲሳትቫ ከሚለው ቃል በዐረብኛ በኩል እየተጣመመ የመጣ ነው። አባቶቻችን ቡድሃን ሳያውቁት በቅዱስ ስም አነበቡት ማለት ነው። ሰው ርኅራኄን የተማረው ከግራንጋ ከቀሪ ሕይወት ሳይሆን በሽተኛ በማየት ነው የሚለው ሐሳብ ሃይማኖት ሳይጠይቅ ድንበር ተሻግሯል።

በማግሥቱ የእናቴ የንስሓ አባት ቡና ሊጠጡ መጡ። ነገሩ ተነገራቸው። ምስሏን አገላብጠው አዩና «ካልሰገዳችሁላት እንጨት ናት። ከሥዕለ አድኅኖ አጠገብ ግን እንዳታኖሯት» አሉ። በዚህ ተስማማን። ካኖን ከሳሎኑ ቁም ሣጥን ላይ ከሬዲዮው ጎን ቦታ ተሰጣት።

እስከዚህ ያለው ወግ ነው። ነገር የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው።

ያን ዕለት ከቀትር በኋላ ዝናብ ይዘንባል። ሩዝ የሚታረምበት ጊዜ ስለሆነ ከፋርጣና ከሌላውም ደጋ የቀን ሠራተኞች ወርደው ከተማውን ሞልተውታል። እኔ ከልጁ ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጬ ስለ ኪዮቶው ቤተ መቅደስ እጠይቀዋለሁ። አንድ ድምፅ ከአጥሩ በኩል «ስለ እመብርሃን» ይላል። ለብዙ ጊዜ ሲል ቆይቷል መሰለኝ፤ እኔ የሰማሁት ወሬያችንን ስላቋረጠው ነው። ወጣሁ። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ እግር አጥሩን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ይንቀጠቀጣል። «ወባ ነው» አልኩ፣ ፎገራ ተወልጄ ወባን ልሳሳት? መቶ ብር አውጥቼ ሰጠሁት፤ የእኅቴን ልጅም «ባጃጅ ጥራለትና ጤና ጣቢያ ያድርሱት» አልኩት። ወደ በረንዳው ተመለስኩ። በእውነት እላችኋለሁ፣ ደግ ነገር እንዳደረግሁ ተሰምቶኝ ነበር።

እናቴ በዚያ ዝናብ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ምርኩዟን ይዛ ወጣች። ከአጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የት አገር ሰው እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ትኩሳቱ ከያዘው ስንት ጊዜ እንደሆነው ጠየቀችው። ሁለት ወር ሊሞላው ነው አለ። የወባ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ወስዶ አልተሻለውም። «እስቲ ሆድህን» አለችው። በግራ በኩል አብጧል። «ቆላ ወርደህ ነበር?» አለችው። ባለፈው ዓመት መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ነበር።

«ይኼ ወባ አይደለም» አለች፣ ወደ በረንዳው ዞራ። «ይኼን እናውቀዋለን።»

የምታውቀው በ1997 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ሰው በማይለቅ ትኩሳት እየከሳ፣ ሆዱ እያበጠ ይሞት ነበር፤ የወባ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ አይድንም። በኋላ ሲመረመር በሽታው ካላዛር ሆኖ ተገኘ። አሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው፣ ካልታከሙት አብዛኛውን ጊዜ የሚገድል በሽታ ነው። ከዚያ በፊት በዚያ ደጋ ቀመስ አገር የሚታወቅ አልነበረም፤ ለቀን ሥራ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ቆላ ወርደው የሚመለሱ ሰዎች ይዘውት እንደ ወጡ ይታመናል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ላይ ሕክምና ከፈቱ፤ እናቴ ያኔ የጎረቤት ልጅ ይዛ እዚያ ከርማለች። እናም የዚህን አራሚ ነገር የገመተችው ከዚያ ተነሥታ ነው። ጤና ጣቢያው ጠርጥሮ ወደ ጎንደር ላከው፤ ጎንደርም ካላዛር መሆኑን አረጋገጠ። ባጃጅ ውስጥ ከትቼ፣ መቶ ብር አስይዤ፣ ሦስተኛ ጊዜ የወባ መድኃኒት እንዲወስድ ልልከው የነበረው እኔ ነኝ።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። በየመዳፉ ላይ ዓይን ያለበትን ምስል ለእናቴ ሳብራራ የዋልኩት እኔ፣ እጄን ስዘረጋ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። እውነቱን ለመናገር የሰጠሁት ድምፁ እንዲያቆም ነው። ከተሜዎች እንዲህ እንደምንሰጥ አዲስ አበባ ውስጥ በየመኪናው መስኮት ሳየው ኖሬአለሁ፤ ሳንቲሙ ለተቀባዩ እርዳታ ሲሆን ለሰጪው የመሄጃ ፈቃድ ነው። ይህን ርኅራኄ አይደለም ብዬ ልደመድም አልደፍርም። መቶ ብሩ ለዚያ ልጅ ዳቦ ይሆነው ነበር። ግን አማርኛችን «አንጀቴ ተላወሰ»፣ «ሆዴ ባባ» ይላል፤ የርኅራኄን ቦታ ከሆድ ዕቃ ያደርገዋል። የእኔ አንጀት አልተላወሰም። የተንቀሳቀሰው ኪሴ ነው።

በሌላ ቀን ማታ እናቴን ጠየቅኋት። «ልጁ የእመቤታችንን ስም ባይጠራ ኖሮስ ትወጪ ነበር?» አልኳት። ጥያቄዬ ክፉ ነበር፤ ርኅራኄዋ ለሰውየው ነው ወይስ ለስሙ ማለቴ ነው። ብዙ አሰበች። «እንጃ» አለች። «ባይጠራ ላልሰማውም እችል ነበር። ጆሮዬ ደክሟል፤ ስንቱን ሰምቼ! እስዋ ናት የምትቀሰቅሰኝ።» በ1998ቱ ጎርፍ፣ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ፣ በዚያች ሁለት ክፍል ቤት ሦስት ቤተሰብ አስጠልላ የከረመች ሴት ናት ይህን የምትለኝ።

ከዚህ ወደ በላዔ ሰብእ መሄዳችን አልቀረም። የተአምረ ማርያምን ታሪክ የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ በላዔ ሰብእ 78 ነፍስ የበላ ሰው ነው፤ የገዛ ቤተሰቡንም ጨምሮ። አንድ ቀን በውሃ ጥም የሚሞት ለምጻም ያገኛል። ለምጻሙ በእግዚአብሔር ስም ቢለምነው እንቢ አለ፤ በሌሎችም ስም ቢለምነው እንቢ አለ። በመጨረሻ በማርያም ስም ሲለምነው አንድ ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ሲሞት ነፍሳቱ በአንድ ወገን፣ ጥርኝ ውሃው በሌላ ወገን ተመዘነ፤ የእመቤታችን ጥላ አረፈበትና ውሃው መዘነ። ይህ ሚዛን በጣና ገዳማትና በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ተሥሎ ይታያል፤ የካቲት 16 ቀን፣ በኪዳነ ምሕረት በዓልም ይነገራል። አገራችን ለርኅራኄ የሣለችው መልክ ይህ ነው ብል ስሕተት አይመስለኝም። ካኖን የውሃ ዕቃ ይዛለች፤ በላዔ ሰብእ ጥርኝ ውሃ።

እኔን ከወጣትነቴ ጀምሮ የሚያስጨንቀኝ ሌላው የሚዛኑ ወገን ነው። እነዚያ 78ቱስ? እነሱም «ስለ ማርያም» ብለው ለምነውት ይሆናል እኮ! ለገዳዩ ምሕረት ሲወርድ የተገደሉት ካሣቸውን ከማን ያገኛሉ? ለእናቴ እንዲህ ብዬ ሳማርር «አንተ ደግሞ እንደ ነጋዴ ትመዝናለህ» አለችኝ። «ያ ሰው ደንቆሮ ነበር። ስንቱን ስም ጠሩለት፣ አልሰማም። አንዴ ሰማ። እመቤታችንም የያዘችው የሰማባትን ቀን ነው።»

መልሷ ደስ ይላል። የእኔ ጥያቄ ግን ስላልሞተ እንደ ሞተ አድርጌ አላቀርበውም። በዚህ አገር ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ስንት በላዔ ሰብእ አይተን፣ ለስንቱ ጥርኝ ውሃ ፈልገንለታል! የተበሉትን ግን የሚሥልልን ሠዓሊ እስከ ዛሬ አላገኘንም። ምሕረትን የሚሰብክ ሰው ሚዛኑን ከሁለቱም ወገን እንዲያሳየኝ እፈልጋለሁ።

አንዳንዱ ደግሞ ስምም ምስልም አያስፈልግም ባይ ነው። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አይኬድም። ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ፣ እዚያው ፎገራ ውስጥ ዐውራ አምባ የሚባለው ማኅበረሰብ አለ። በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ ተመሠረተ። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የላቸውም። በፈጣሪ ያምናሉ፤ አምልኳቸው መልካም ሥራ ነው ይላሉ። ሸማ እየሠሩ ይተዳደራሉ፤ ወንዱ ይፈትላል፣ ይጋግራል፤ ሴቷ ታርሳለች። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን በአንድ ቤት ይጦራሉ፤ ለችግረኞች መርጃ የሚሆን የሥራ ቀን ለይተው አብረው ይሠራሉ። እኔ በሄድኩበት ጊዜ በአረጋውያኑ ቤት ግድግዳ ላይ ምንም ሥዕል አላየሁም። የታጠበ አንሶላ አየሁ። እንግዲህ ርኅራኄ ያለ መልክ ይኖራል ማለት ነው። ግን እነዚህም ሰዎች ቀን መለየት አስፈልጓቸዋል። የሰው አንጀት በየማለዳው ራሱ የሚላወስ ቢሆን ኖሮ ቀን መለየት ምን ያደርጋል? እናቴ «እስዋ ናት የምትቀሰቅሰኝ» ያለችውን ሥራ እዚያ የሚሠራው የሥራ ቀኑ ይመስለኛል።

ምስሉ ጥፋት የሚሆነው እንደ እኔ ሲያደርጉት ነው። በጃፓን ቀራጮች ዘንድ አንድ ጊዜ መሮ ሲያሳርፉ ሦስት ጊዜ እጅ መንሣት የሚባል ልማድ አለ፤ የእኅቴ ልጅ ነው የነገረኝ። አንዲት ስንዝር ምስል ለመቅረጽ ሰው ስንት ሺህ ጊዜ ጎንበስ ይላል! ቀራጩን ለርኅራኄ የሚያሠለጥነው ያ ጎንበስ ማለት ይሆናል፤ ያለቀለትን ምስል በስጦታ ተቀብሎ ቁም ሣጥን ላይ ያኖረ ሰው ከዚያ ሁሉ የደረሰው እንጨቱ ብቻ ነው። የቀደሙት ቡድሂስቶች ለብዙ ዘመን የቡድሃን ምስል አይቀርጹም ነበር ይባላል። የእግር ዱካ ወይም ባዶ መንበር እየቀረጹ ቦታውን ለተመልካቹ ይተዉታል። የእኛም ቤተ ክርስቲያን ቅርጽ አትቀበልም፤ ሥዕሏንም በመጋረጃ ትጋርዳለች። በሁለቱም ወገን ያሉት ሰዎች፣ የሰው ዓይን ከምስሉ ላይ ቀርቶ ወደ ሰው እንዳይደርስ የሰጉ ይመስለኛል።

አራሚው ጎንደር ታክሞ ዳነ። በዓመቱ ለአረም ሲወርድ ለእናቴ አንድ ቁና ድንች ተሸክሞላት መጣ፤ እኔ በዚያን ጊዜ አልነበርኩም፣ ልጁ በስልክ ነገረኝ። ድንቹን ተቀብላ፣ ቡና አፍልታለት፣ ማታ አሳድራው በማግሥቱ ሸኘችው።

እናቴ በ2014 ዓ.ም. ዐረፈች። ዕቃዋ ሲከፋፈል ሥዕለ አድኅኖዋን እኅቴ ወሰደች፤ ካኖንን የወሰዳት ስላልነበረ ለእኔ ደረሰችኝ። እንግዳ ሲመጣ ስለ እርሷ ይጠይቀኛል። ስለ ጓንዪን፣ ስለ 1001ዱ ምስሎች፣ ስለ አባ ዕንባቆም አጫውተዋለሁ፤ እንግዳውም ይደነቃል። ስለ አራሚው ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም ነበር። አሁን ልጽፈው ስቀመጥ ስሙን ፈለግሁት፤ ለካስ ጠይቄው አላውቅም። የእኅቴን ልጅም ደውዬ ጠየቅሁት፤ እሱም አያስታውሰውም። ስሙን፣ የአባቱን ስምና የመንደሩን ስም የምታውቅ እናቴ ነበረች።